ማስተማርም ምስክር አለው

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህራን የማዕረግ እድገት በተነሣ ቁጥር፣ በትምህርት ክፍል ስብሰባም ሆነ በሻይ ሰዓት፣ አንድ አስተያየት ሚዛን ደፍቶ ይወጣል። የምርምር ጽሑፍ ይቆጠራል፤ ጸሐፊውን የማያውቅ ሰው በሩቅ ሆኖ ይመረምረዋል። ማስተማር ግን በር ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ማን ከማን እንደበለጠ በማስረጃ ማሳየት አይቻልም ይባላል። ስለዚህ ረዳት ፕሮፌሰሩ ተባባሪ፣ ተባባሪው ፕሮፌሰር የሚሆነው ባሳተመው ልክ ይሁን፤ ለማስተማሩ ተማሪዎች በሴሚስተሩ ማብቂያ የሚሞሉት ቅጽ ይበቃል። ይህን የሚሉት ለማስተማር ደንታ የሌላቸው ሰዎች አይደሉም። ከማከብራቸው ባልደረቦቼ ብዙዎቹ ያምኑበታል፤ እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። ዛሬ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ምላሼንም ከተወለድኩበት ከውጫሌ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ይህን አስተያየት የሚያፈርሰው ማስረጃ በብዛት የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው።

በቅድሚያ የአስተያየቱን ጠንካራ ጎን ልቀበል። ደጋፊዎቹ በግልጽ ባይናገሩትም ከኋላው ያለው ስጋት ትልቅ ነው። «እገሌ ጎበዝ አስተማሪ ነው» የሚል ቃል በማዕረግ ላይ ዋጋ ካገኘ፣ ቃሉ ለወዳጅ፣ ለአገር ልጅ፣ ለአለቃ ቅርብ ለሆነ ሰው የሚታደል ስጦታ ይሆናል የሚል ስጋት። አገራችን ባለችበት ሁኔታ ይህን እንደ ተራ ጥርጣሬ ማለፍ አይቻልም። የታተመ ጽሑፍ ቢያንስ ከግቢው አጥር ውጭ ያለ ሰው አይቶታል። ይህ ክርክር መልስ ይገባዋል፤ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን አሁን ያለንበትን እንየው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ የ2001 ዓ.ም.ቱ ቁጥር 650 ይሁን እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም.ቱ ቁጥር 1152፣ ብቁ ተመራቂ ማፍራትን የዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ተግባር አድርጎ ያስቀምጣል። የሥራ ድልድሉም የአብዛኛውን መምህር ሰዓት ለማስተማር ይሰጣል። የማዕረግ እድገት ሲመጣ ግን ሚዛኑን የሚያነሣውና የሚጥለው የታተመው ጽሑፍ ነው። እኛ የውጫሌ ልጆች ሁለት መልክ ስላለው ጽሑፍ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። በከተማችን አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ «ይቻላቸዋል» ያለውን የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎት ነበር። ከሁለቱ ጽሑፎች አንዱ ለመነበብ፣ ሌላው ለመፈጸም ሲዘጋጅ ምን እንደሚከተል ታሪካችን ያውቃል። የማዕረግ መመሪያችንም ዛሬ በመግቢያው ማስተማርን ያስቀድማል፤ በነጥብ ሰንጠረዡ ያስከትላል። ወጣቱ ሌክቸረር ደግሞ የሚያነበው ሰንጠረዡን ነው።

ሰንጠረዡን አንብቦም ይማራል። አንደኛ ዓመት የማስተማር ሸክም እንደሆነ፣ የሪሜዲያል ተማሪ የሚያስተምር ሰው ጊዜውን እንዳባከነ፣ የፈተና ወረቀት ላይ አስተያየት መጻፍ ማንም የማይቆጥረው ድካም እንደሆነ ይማራል። ከዚህ ጎን ለጎን ክፍሉን የሚሞሉት ልጆች እነማን እንደሆኑ ማየት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ያላለፉትን ብዙ ሺህ ልጆች በማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት ተቀብለዋል። ለእነዚህ ልጆች ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ችሎታ ያለው መምህር ነው። እኛ ግን ይህን ችሎታ ከማዕረግ መመዘኛው ማዕከል አውጥተነዋል።

ጽሑፍ የሚያሳትም መምህር በዚያው ልክ ጎበዝ አስተማሪ ይሆናል የሚለው እምነትም ማስረጃ አጥቷል። ጆን ሃቲና ኸርበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1996 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ በምርምር ውጤትና በማስተማር ብቃት መካከል ያለው ዝምድና ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆኖ አገኙት። ይህ ማለት ተመራማሪ ማስተማር አይችልም ማለት አይደለም። አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም ማለት ነው። የጽሑፍ ቆጠራውም ቢሆን የሚባለውን ያህል ንጹሕ ዳኛ አይደለም። ክፍያ ተቀብለው ያለ ምርመራ የሚያትሙ መጽሔቶች የበዙት ቁጥር ማዕረግ ስለሚያሰጥ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ተማሪዎች የሚሞሉትን ቅጽ በተመለከተ ከተቃራኒዎቼ ጋር ልዩነታችን ጠባብ ነው። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህሩ ምዘና ግማሹ ከተማሪ፣ 35 በመቶው ከትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ 15 በመቶው ከባልደረባ ይመጣል። ቦብ አትልና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሰፊ ግምገማ ተማሪ ለመምህሩ በሚሰጠው ነጥብና በተማረው መጠን መካከል ይህ ነው የሚባል ዝምድና አላገኘም። ከዚህ የከረረ ውጤት ያመጣው ስኮት ካረልና ጄምስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ነው። የተሠራው በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ሲሆን፣ እዚያ ተማሪ መምህሩን አይመርጥም፤ በዕጣ ይመደባል። ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። በያዙት ኮርስ ተማሪዎቻቸው ጥሩ ውጤት ያመጡላቸውና ከፍ ያለ ነጥብ የሰጧቸው መምህራን ልጆቻቸው ወደ ቀጣዩ ኮርስ ሲያልፉ ደከም ብለው ተገኙ። መጀመሪያ ላይ ያስቸገሩት፣ ነጥባቸውም ዝቅ ያለው መምህራን ተማሪዎች ግን በቀጣዩ ኮርስ በረቱ። በካናዳም እ.ኤ.አ. በ2018 በቶሮንቶው ራየርሰን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ላይ የተሰየመ የግልግል ዳኛ የተማሪ ቅጽ የማስተማር ብቃትን ለመለካት ለማዕረግ ውሳኔ እንዳይውል ወስኗል።

እንግዲህ ተቃራኒዎቼ «አየህ፣ አይለካም» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። እነዚህ ጥናቶች የሚያሳዩት በሴሚስተሩ ማብቂያ በአንድ ቀን የሚሰበሰብ ነጥብ ደካማ ምስክር መሆኑን ነው። ምስክር የለም ማለት አይደለም። የካረልና የዌስት ጥናት ራሱ ምስክር የት እንዳለ ጠቁሟል፤ ቀጣዩ ኮርስ ላይ ነው። የመምህሩ ሥራ ከእጁ ከወጣ በኋላ በሌላ መምህር ፊት ይታያል። ይህን ለማወቅ ወደ አሜሪካ መሄድ ባላስፈለገን ነበር።

ከውጫሌ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት የተጓዘ ሰው ሐይቅን ያገኛል። አባ ኢየሱስ ሞአ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደረሱ፤ ከአርባ ዓመት በላይም አስተማሩ። ገዳሙ ከእርሳቸው በፊትም ነበር፤ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት ግን እርሳቸው ናቸው። ስማቸው የሚነሣው በደራሲነት አይደለም። መጻሕፍት አሰባስበዋል፤ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ታላቅነታቸው የተመሰከረው ግን በተማሪዎቻቸው ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ተምረው ወጥተው በሸዋ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ተሻግረው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የመካከለኛው ዘመን ታሪክ መጽሐፋቸው የገዳማቱን መስፋፋት ሲከታተሉ መስመሩ ተመልሶ የሚደርሰው ሐይቅ ላይ ነው። አንድ የታሪክ ምሁር ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የአንድን መምህር የማስተማር ብቃት በማስረጃ ማሳየት ከቻለ፣ አንድ የትምህርት ክፍል ባልደረባውን በአምስት ዓመት ውስጥ ማሳየት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ሐይቅ ሌላም ነገር ያስተምራል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፉት ሊቅ፣ የሐይቅ ተማሪ ነበሩ። ገድላቸው ትምህርት በጀመሩበት ጊዜ አልገባ ብሏቸው ለዓመታት መቸገራቸውን፣ በገዳሙም እህል እየፈጩ ማገልገላቸውን ይተርካል። ለውጡን ገድሉ ለእመቤታችን ረድኤት ይሰጣል፤ እኔ ከዚያ ላይ የምቀንሰው የለኝም። ለክርክሬ የምወስደው አንዱን ነገር ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል አንድ ሰው ቅጽ ይዞ መጥቶ የሐይቅን ትምህርት በዚህ ልጅ ውጤት ቢመዝን ኖሮ ጉባኤው ወድቋል ብሎ በጻፈ ነበር። የማስተማር ፍሬ ዘግይቶ ይመጣል። ዘግይቶ የሚመጣን ነገር ቀድሞ መለካት፣ አለመለካት ብቻ ሳይሆን በተሳሳተ መንገድ መፍረድም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ስለ ዝምድናና አድልዎ ለተነሣው ስጋት ቀጥተኛ መልስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት «ምስክር» የሚባል ሥርዓት አለው። ተማሪው በሰፈሩ ካለው መምህር ድጓ ሊማር ይችላል፤ የድጓ መምህር ለመባል ግን ቤተ ልሔም ሄዶ፣ በማያውቁት ሊቃውንት ፊት ተፈትኖ መመስከር አለበት። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው ዙር አምባ ነው። ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ አለ፤ በዚሁ በወሎ ደግሞ ሰለልኩላ። ያስተማረውና የሚመሰክረው ሰው አንድ አይደለም። ተማሪው ምስክር ቦታ ሲደርስ የማን ተማሪ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሲያልፍም ሲወድቅም የመምህሩ ስም አብሮ ይነሣል። እንዲህ እየሆነ መልካም መምህር በአገር ሁሉ ይታወቃል፤ ተማሪም ከሩቅ በእግሩ ይመጣል፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል፣ ትምህርቱ ካልጣመው ደግሞ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል። በቅኔ ቤት መምህሩ ያፈራው አስነጋሪ፣ ታናናሾቹን የሚያስነግረው የበቃ ተማሪ፣ በየዕለቱ ለመምህሩ የሚቆም ምስክር ነው። በጎጃም ጸላሎ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ማየት ሳይችሉ፣ ሴት መምህር ብርቅ በሆነበት ዓለም ውስጥ፣ የቅኔ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት ማንም በሰጣቸው የምስክር ወረቀት አይደለም። ያስከበራቸው ያፈሯቸው ተማሪዎች ናቸው።

የወሎ ሙስሊም ሊቃውንትም ከዚህ የተለየ መንገድ አልሄዱም። ደረሳው (ተማሪው) ከሼኩ የሚቀበለው ኢጃዛ፣ የማስተማር ፈቃዱ፣ ከማን፣ ያም ከማን እንደተማረ የሚያሳይ የመምህራን ሰንሰለት አለው። ሟቹ የታሪክ ምሁር ሁሴን አሕመድ ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በጻፉት መጽሐፍ ዳናን፣ ጌታንና ጃማ ንጉሥን የመሰሉ ማዕከላት እንዴት በመምህራኖቻቸው ስም እንደገነኑ ማየት ይቻላል። ሁለቱ እምነቶች በአንድ ምድር ላይ፣ ማስተማር የሚመሰከር ሥራ ነው በሚለው ተስማምተዋል።

የድሮው ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ዱላ ነበረበት፤ ሴቶችን አርቋል፤ ብዙ ልጆች በረሀብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀርተዋል። አንድ ባልደረባዬም ጥሩ ጥያቄ አንሥቶብኛል። የቅኔ መምህር ተማሪውን ለዓመታት ይይዛል፤ እኔ ግን ልጁን በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለአንድ ሴሚስተር ነው የማገኘው። ከእኔ ሌላ አርባ መምህር ያስተምረዋል። የእኔን ድርሻ ከአርባው ማን ይለይልኛል? አለኝ። እውነቱን ነው፣ ድርሻውን በቁጥር መለየት አይቻልም። የጻፈው መጽሐፍ በአገር እውቀት ላይ የጨመረውም በቁጥር አይለይም፤ ነገር ግን ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አንብበው ይፈርዳሉ። የጠየቅሁት ይህንኑ ፍርድ ለማስተማርም እንድንሰጥ ነው። ለመፍረድ ደግሞ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል።

የሚነበበው ነገር የማስተማር ማኅደር ነው። የካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ይህን ሐሳብ አስፋፍቶታል፤ አሜሪካዊው ኧርነስት ቦየርም እ.ኤ.አ. በ1990 ማስተማርን ራሱን የምሁር ሥራ አድርገን እንመርምረው ብሎ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል። ለእኛም አዲስ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተሰጠውን የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ሁላችንም ኤች ዲ ፒ የምንለውን፣ የወሰደ መምህር ሁሉ ፖርትፎሊዮ አዘጋጅቷል። የት እንዳለ ግን ብጠይቅ አብዛኞቻችን ካስመረቀን ማግስት ጀምሮ አልከፈትነውም። ማዕረግ ሰጪው ኮሚቴ ጠይቆን አያውቅማ።

በማኅደሩ ውስጥ ምን ይገባል? የምስጋና ወረቀትና የሥልጠና ሰርተፍኬት ክምር ከሆነ ተቃራኒዎቼ ትክክል ናቸው፤ ይቅር። እኔ ባይ የምወደው የሚከተለው ነው። አንድ ኮርስ መጀመሪያ ሲሰጥ የነበረው መርሐ ትምህርት ከሦስት ዓመት በኋላ ካለው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ መምህሩ ምን እንደለወጠና ምን አይቶ እንደለወጠ በሁለት ገጽ ይጻፍ። የፈተና ጥያቄዎቹ ይግቡ። የመምህርን ልክ እንደ ፈተና ጥያቄው የሚያጋልጥ ነገር አላየሁም፤ ከሃንድአውቱ ቃል በቃል የሚያስገለብጥ ጥያቄና ተማሪው ሰምቶት የማያውቀውን ጉዳይ በተማረው ነገር እንዲፈታ የሚጠይቅ ጥያቄ አንድ ገጽ ላይ ሲቀመጡ ልዩነቱን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከታረሙት ወረቀቶች ደግሞ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ይቅረቡ፤ ተማሪው ስህተቱ የት እንደሆነ ተነግሮታል ወይስ ቀይ ምልክትና ቁጥር ብቻ ነው ያለው? ወረቀቶቹን መምህሩ አይምረጥ፤ ሬጅስትራር በዕጣ ያውጣቸው። ቀጣዩን ኮርስ የሚያስተምረው መምህር ልጆቹ ምን ይዘው እንደመጡ፣ ምንስ እንደጎደላቸው ይጻፍ። ከተመረቁ ሦስት ዓመት የሞላቸው ተማሪዎችም፣ እነሱም በዕጣ ወጥተው፣ ይጠየቁ። በእጃቸው ላይ የሚሰጣቸው ግሬድ ስለሌለ ፍርሃትም ውለታም አይዛቸውም።

የመጨረሻው ደግሞ የምስክር ሥርዓቱን ልብ የያዘ ነው። ለፕሮፌሰርነት የቀረበን ሰው ጽሑፍ ወደ ውጭ ገምጋሚ እንልካለን። ማኅደሩንም እንላክ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ መምህር ማኅደር ባሕር ዳር ወይም ጅማ ሄዶ በኬሚስትሪ መምህራን ይነበብ፤ ከዚያ አንድ ሰው ይምጣና ሁለት ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ይይ። የአገር ልጅነት ያሰጋናል ካልን መድኃኒቱ ቤተ ልሔም ላይ ተገኝቷል፤ ያስተማረው አይመስክር፣ ያላስተማረው ይመስክር።

አንድ አዲስ ፈተና ደግሞ ፊታችን ተደቅኗል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሲጀመር ከተፈተኑት 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፈተናው ጥቅም እንዳለው አልጠራጠርም። ነገር ግን «ማስተማርን የሚለካ ነገር እነሆ ተገኘ» የሚል ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ይህ የተማሪውን ቅጽ በሌላ ነጠላ ቁጥር መተካት ነው። የመውጫ ፈተናን የማለፊያ መጠን የመምህር ነጥብ ካደረግን፣ ደካማ ልጆችን ተቀብሎ ሰው ያደረጋቸውን መምህር ቀጥተን ጠንካሮቹ የተመደቡለትን እንሸልማለን። የትምህርት ክፍሎችም የመጨረሻውን ዓመት ያለፉ ጥያቄዎችን በማስሸምደድ ይጨርሱታል።

ቁጥር የማይደርስባቸው ነገሮች እንዳሉ ያየሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ወልድያን ሲያዳርስ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፤ ቤተ ሙከራዎች፣ ኮምፒውተሮች፣ መጻሕፍት ጠፉ። ትምህርት ሲመለስ ዕቃ የሌለውን ሙከራ በሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ እየሣሉ፣ ከገበያ በተገዛ ኮምጣጤና ሶዳ እያሳዩ፣ ከመከራ የተመለሱ ልጆችን አረጋግተው ያስተማሩ ሰዎች አሉ። በዚያ ዓመት ያሳተሙት ጽሑፍ ላይኖር ይችላል። የሠሩትን ግን የጻፈላቸው የለም፤ መመሪያው ሥፍራ አልሰጠውምና። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለው ኅብረተሰብ በዚህ ቀድሞናል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የበጎ ሰው ሽልማት መምህርነትን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ያከብራል። ሽልማት ግን በዓመት አንድ ሰው ይነካል። ማዕረግ የሁሉንም መምህር የዕለት ውሎ ይነካል።

ለወሎና ለወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ሴኔት አባላት የማቀርበው ጥያቄ ውስን ነው። መመሪያው እስኪሻሻል አትጠብቁ። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ፈቃደኛ የሆነ አንድ ትምህርት ክፍል ምረጡ፤ እድገት የሚጠይቁ መምህራኑ ከጽሑፎቻቸው ጋር እንዲህ ያለ ማኅደር እንዲያቀርቡ፣ ማኅደሩም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዲነበብ አድርጉ፤ የተገኘውንም ጥሩም ይሁን መጥፎ ለሁላችንም አሳውቁ። ማስተማር አይመሰከርም የምትሉ ባልደረቦቼም ከአንባቢዎቹ መካከል ሁኑ። የመጀመሪያው ማኅደር የእኔ ይሁን፤ አዘጋጅቼዋለሁ።